ያልተነበበው ምዕራፍ

የመጨረሻው ምዕራፍ ሊነበብ በነበረበት ቅዳሜ አንባቢዋ ሞታ ተገኘች።

ሦስቱ ሴቶች ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዳቸው ደረጃውን እያወሩ ወጥተው ነበር። ፋርማሲስቷ ከፊት ሆና «ዛሬ ያቺ የልቦለዱ መርዘኛ ጎረቤት የእጇን ካላገኘች እኔ ከዚህ ቡድን ወጥቻለሁ» ትላለች፤ ልብስ ሰፊዋ ከት ብላ ትስቃለች፤ አበባ ሻጯ ዝም ብላ ከኋላ ትከተላለች። ቅዳሜ ቅዳሜ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር የሚጠብቃቸው። የዚያን ቀን ግን ተዘግቷል። አንኳኩ፣ ተጣሩ፣ ስልክ ደወሉ። ስልኩ ከውስጥ ሲጮኽ ይሰማቸዋል፣ የሚያነሳው የለም። በመጨረሻ የአንባቢዋ ልጅ ቁልፍ ይዛ መጣችና ከፈተችላቸው።

መጽሐፉን እየተረጎመች የምታነብላቸው ሴት መስኮቱ ሥር ካለው ወንበሯ ላይ ናት። ብርድ ልብሱ ጉልበቷ ላይ ነው፤ መነጽሯ ደረቷ ላይ ወድቋል፤ አንገቷ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል። አጠገቧ ባለው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ አንድ ኩባያ፣ አንድ ባዶ የእንቅልፍ መድኃኒት ጠርሙስና በእጅ የተጻፉ ወረቀቶች ነበሩ። ልጇ «እማዬ» አለች፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ በኋላ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

ስለ እነዚህ ሴቶች ትንሽ ልበል። ሟቿ በጡረታ የወጣች የቋንቋ መምህርት ነበረች። ልጇ ከአንድ ጉዞ ስትመለስ በእንግሊዝኛ የተተረጎመ አንድ የጃፓን የወንጀል ልቦለድ ይዛላት መጣች። ጨለማ መጽሐፍ ነው። ተርጓሚዋ በአንድ ቀን አነበበችውና «ይሄን ብቻዬን አልሸከመውም» ብላ ጎረቤቶቿን ሰበሰበች። በየሳምንቱ አንድ ምዕራፍ ወደ አማርኛ ትመልሳለች፤ ቅዳሜ ታነብላቸዋለች፤ ከዚያ ይከራከራሉ። ሳይነበብ በፊት ወረቀቱን ለማንም አታሳይም። ልመናም ጉቦም ከንቱ ነበር። ፋርማሲስቷ አንድ ጊዜ ኬክ ይዛላት ሄዳ፣ ኬኩን አስበልታ ባዶ እጇን ተመልሳለች።

ታሪኩ የአንዲት ልብስ አጣቢ ነው። ባሏ ሲደበድባት የኖረ ሰው ነው። በአንድ በረዶ የጣለበት ማለዳ በኩባያ የሆነ ነገር ታጠጣዋለች፤ ይሞታል፤ ሐኪሙም ልቡ ነው ይላል። ከግቢው ማዶ ያለች አንዲት ጎረቤት ግን በመስኮቷ ሁሉንም አይታለች። ባለፈው ቅዳሜ የተነበበው ምዕራፍ ያበቃው እዚያ ላይ ነበር፦ ጎረቤቲቱ አፏን በእጇ ይዛ መስኮቷ ላይ እንደ ቆመች። ያየችውን ምን ታደርገዋለች? ሴቶቹ ሳምንቱን ሙሉ ይህንኑ ሲነታረኩ ሰነበቱ።

መርማሪው ሲደርስ ሁለት ፖሊሶች ነገሩን ቆርጠው ጨርሰውታል። ራሷን አጥፍታለች። ባዶ ጠርሙስ አለ፣ ኩባያ አለ፣ የተሰበረ ነገር የለም። መርማሪው ረጅም፣ ጎባጣ፣ የማይቸኩል ሰው ነው፤ የሥራ ባልደረቦቹ «ቀስ በሉ» የሚል ስም አውጥተውለታል፣ ከአፉ ስለማይጠፋ። ገና በሩ ላይ ሳለ የሟቿ ታላቅ ወንድም እየተንደረደረ ደረጃውን ወጣ።

«መጽሐፉ ነው የገደላት!» አለ፣ ጣቱን ወደ ወረቀቶቹ እየቀሰረ። «ነግሬያት ነበር! ከነፍሰ ገዳይ ሴቶች ጋር ስትውል ስታድር ምን ትሆናለች? እንኳን አሮጊት ድንጋይም ይጨነቃል!» ከዚያ ወደ እህቱ ልጅ ዞረ። «አንቺ ነሽ። አንቺ አይደለሽ ያመጣሽላት?»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችው። እሷም ይህንኑ እያሰበች ነበር። ከገባች ጀምሮ ሌላ ምንም አላሰበችም።

«ቀስ ይበሉ ጌታዬ» አለ መርማሪው። «መጽሐፉን አንብበውታል?»

«እኔ? እንኳን ላነበው፣ ዛሬውኑ ነው የማቃጥለው! እነዚህንም ወረቀቶች!»

«ወረቀቶቹ ከእኔ ጋር ይሄዳሉ።»

መርማሪው ወንድምየውን ወደ ኮሪደር አስወጣና ሥራውን ጀመረ። መጀመሪያ ጎንበስ ብሎ ኩባያውን አሸተተ። ዝንጅብል ነው፤ አፍንጫ የሚበጥስ ዝንጅብል፣ ከታችም ማር ተጋግሮበታል። ከዚያ ወጥ ቤት ገባ። ማንቆርቆሪያው ደርቋል። መደርደሪያውን ከፈተ፣ ቆሻሻ መጣያውን ገለበጠ፣ ቢላዋዎቹን አንድ በአንድ አሸተተ። ከፖሊሶቹ አንዱ ሳቁን ለመደበቅ አሳለ።

«ምን ጠፋብዎ?»

«ዝንጅብል» አለ መርማሪው። «ሻዩ እዚህ አለ። ዝንጅብሉ ግን የለም፤ ልጣጩም የለም፤ ማሩም የለም።»

ከዚያ ወረቀቶቹ ጋ ተመለሰና ሳይነካቸው ረጅም ጊዜ አያቸው። ጽሑፉ ወደ ላይ ነው። ከላይ ያለው ገጽ ሥር «ተፈጸመ» ይላል። በብዕሩ ጫፍ ጠርዛቸውን ገለጥ ገለጥ አደረገ፤ ከመጨረሻው ሥር ከመጨረሻው በፊት ያለው ገጽ ነበር፤ ከዚያ ሥር የእሱ ቀዳሚ፤ የመጀመሪያው ገጽ ከሁሉም በታች ነው።

ልጅቷ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እናትሽ ጽፋ የጨረሰችውን ገጽ እንዴት ነበር የምታስቀምጠው?»

«ገልብጣ» አለች ልጅቷ፣ ጥያቄው ግራ እያጋባት። «ጽሑፉን ወደ ታች አድርጋ። አንዱን በአንዱ ላይ። ስትጨርስ አንስታ ስትገለብጠው ከመጀመሪያው ገጽ ይጀምራል። ፊቱ ወደ ላይ የሆነ ወረቀት ካየች ትቆጣ ነበር፣ ‹ሰው ያነብብኛል› እያለች።»

«ገባኝ።»

«መጽሐፉ ነው አይደል?» አለች ልጅቷ በድንገት። «እውነቱን ይንገሩኝ። እኔ ባላመጣላት ኖሮ…»

መርማሪው ያላወቀውን ነገር አውቃለሁ ማለት አይወድም። «ትንሽ ቆይልኝ» አላት። «እስከ ቅዳሜ።»

ጉዳዩ እንግዲህ ይኸው ነበር። የአለቃው ፊርማ ብቻ ቀርቶት «ራሷን አጥፍታለች» የሚለው መዝገብ ሊዘጋ ነው፤ ከተዘጋ ደግሞ ይህቺ ልጅ እናቴን በስጦታ ገደልኳት እያለች ዕድሜዋን ትፈጃለች። መርማሪው ወረቀቶቹን ቢሮው ወስዶ በሩን ዘግቶ አነበባቸው። ምን እንዳነበበ ለጊዜው ለራሱ ይያዘው። ሲጨርስ ግን መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ፤ ከዚያም ያልተለመደ ምርመራ ጀመረ። ማን የት ነበር ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ መጽሐፉን እንዴት አያችሁት እያለ ይዞር ገባ።

ፋርማሲስቷ መደርደሪያዋን ተደግፋ ጠበቀችው።

«ሊይዙኝ ከሆነ ጋውኔን ላውልቅ» አለች። «መድኃኒቱን የሸጥኩላት እኔ ነኝ፤ ሰፈሩ ሁሉ እያየኝ ነው።»

«ልቦለዱን እንዴት አገኙት?»

«ምኑን?»

«የጃፓኑን ልቦለድ።»

ፋርማሲስቷ ዓይኗን አፈጠጠች። ከዚያ የተጠየቀችውን ማሰብ ጀመረችና ንዴት መጣባት። «አስጠላኝ! ሴቶቹ ሁሉ ይዋሻሉ፤ አንዷም አታሳዝንም። ባሏ አውሬ ነው፣ እሺ፤ ጥላው አትሄድም? ግን ቅዳሜ እስኪደርስ እንቅልፍ አልነበረኝም። ይኸው ይሄም ያናድደኛል።»

«ጎረቤቲቱስ?»

«እሷን ተዉልኝ! መስኮት ላይ ተለጥፋ ሰው ቤት የምታይ! ሄዳ ትናገራለች፤ መናገርም አለባት። ግን ለእውነት ብላ እንዳይመስልዎት፣ ለምቀኝነት ነው።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ለመጨረሻ ጊዜ ስታነብልን በዚህ ተጣላን። እኔ ‹ትናገር› አልኩ፤ ልብስ ሰፊዋ ‹አፏን ዘግታ ትጠቀምበት› አለች። እትዬ ዝም ብላ ስታዳምጠን ቆይታ ሳቀችና ‹እኔ ግን ምን እንደምታደርግ ከቆየ አውቄዋለሁ› አለች። ታውቃለቻ፤ ያነበበችው እሷ ብቻ!»

«የእንቅልፍ መድኃኒቷን ማን ነበር የሚያደርስላት?»

«ሁላችንም። ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ደረጃ አትወርድም። ጠርሙሱ የት እንደሚቀመጥ የማያውቅ የለም፤ ወንድሟ እንኳ ያውቃል። ደግሞ ሰሞኑን ጉንፋን ጥሏት ነበር። አሞኒያ ቢያሸቷት አትሰማም ነበር።»

ልብስ ሰፊዋን በአንገቷ ሜትር አንጠልጥላ፣ በአፏ መርፌ ይዛ አገኛት። መርፌዎቹን አንድ በአንድ ትራስ ላይ ሰካችና አለቀሰች፤ ካለቀሰች በኋላ መጽሐፉን ስታነሳ ፊቷ በራ።

«ወይኔ፣ ደስ ሲል! እትዬ ስታነብ ያቺ ልብስ አጣቢ እኔ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ያን ኩባያ ስታቀብለው እጄ አብሯት ተዘረጋ! ቤቴ ሄጄ ለባሌ ሻይ ቀዳሁለትና ‹ምን ጨመርሽበት?› አለኝ። ነግሬው ነበራ ታሪኩን። ከዚያ ወዲህ ራሱ ነው የሚቀዳው።»

«ጎረቤቲቱስ?»

«ብልጥ ናት። ከመስኮቱ አልተነቀለችም አይደል? እያንዳንዷን ነገር እየያዘች ነው። ሄዳ ‹አይቼሻለሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ ልብሴን በነፃ ታጥቢያለሽ› ትላታለች። እኔ ብሆን እንደዚያ ነበር የማደርገው።» አፏን ያዘች። «ይሄን አይጻፉት፣ እሺ?»

የአበባ ሻጯ ሱቅ ምድር ቤት ነው፤ ቤቷም ከሱቁ በስተኋላ፣ ከተርጓሚዋ መስኮት ቁልቁል የሚታይ። ከተርጓሚዋ ጋር እኩያ ናቸው፤ ባሏ ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ለቀብሩ የሚሆን የአበባ ጉንጉን እየሠራች ነበር። እጇ አልቆመም።

«እኔ ብዙ አስተያየት የለኝም» አለች። «እነሱ ሲጨቃጨቁ እሰማለሁ።»

«መጽሐፉ ከብዶዎት ነበር?»

«ይከብዳል። ሰው የራሱን ቤት ያስታውሳል።»

«ሁሉም የሚጠሏት ጎረቤቲቱን ነው» አለ መርማሪው፣ አንድ የወደቀ ቅጠል እያነሳ። «አንዷ ምቀኛ ትላለች፤ ሌላዋ በሰው ችግር የምትነግድ ናት ትላለች።»

የአበባ ሻጯ መቀስ ቆመ።

«አያውቋትም» አለች። ድምጿ ከቅድሙ የተለየ ነበር። «በዚያ በረዶ ላይ ባዶ እግሯን የወጣች ሴት ለክፋት አትወጣም። ዝም ብለው አፋቸውን ይከፍቱባታል።»

መርማሪው ቅጠሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «እውነትዎን ሊሆን ይችላል» አለና አመስግኖ ወጣ። ከሱቁ ወጥቶ ጥግ እስኪታጠፍ ድረስ እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ ሄደ። ከታጠፈ በኋላ ግን የሚያየው ሰው ቢኖር ኖሮ «ቀስ በሉ» የሚሉትን ሰው ሲሮጥ ባየ ነበር።

የሮጠው ወደ ልጅቷ ነው። የእናቷን ልብሶች እያጠፈች አገኛት። እያጠፈች መልሳ ትዘረጋቸዋለች፣ እንደገና ታጥፋለች።

«የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ አንብበሽዋል?»

«አውሮፕላን ውስጥ ጨርሼዋለሁ።»

«ጎረቤቲቱ መጨረሻ ላይ ምን ታደርጋለች?»

ልጅቷ ለማስታወስ ዓይኗን ጨፈነች። «ካፖርቷን ትለብሳለች። ቦት ጫማዋን ታደርጋለች። ሴትዮዋ ሳታይ ገብታ ኩባያውን ሳይታጠብ ትወስድና በጨርቅ ጠቅልላ ለፖሊስ ትሰጠዋለች። ልብስ አጣቢዋ ትታሰራለች። እማዬ በዚህ መጨረሻ ተናዳ ነበር። ‹ይቺ ጸሐፊ ጎረቤት ኖሯት አያውቅም› አለችኝ።»

«ይህን መጨረሻ ለሌላ ሰው ነግረሽዋል?»

«ለማንም። እማዬ አስምላኛለች፣ ቅዳሜዋን እንዳላበላሽባት።» ከዚያ ቀና አለች። «ለምን ይጠይቁኛል? ራሷን ያጠፋች ሰው መጽሐፍ እንዴት ቢያልቅ ምን ይጠቅማል?»

«ቅዳሜ» አለ መርማሪው። «በተለመደው ሰዓት ሁሉም እዚህ ይምጡ። አጎትሽም።»

ቅዳሜ መጡ። እያንዳንዷ የለመደችው ቦታ ላይ ተቀመጠች፤ መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ላይ ማንም አልተቀመጠም። ወንድምየው በሩ አጠገብ እጁን አጣምሮ ቆመ። ልጅቷ ከአበባ ሻጯ ጎን ነበረች፤ አበባ ሻጯ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቃት ስለሆነች እጇን ይዛላታለች። መርማሪው ወረቀቶቹን ከቦርሳው አውጥቶ ጭኑ ላይ አደረገ።

«ጥያቄው አንድ ነው» አለ። «ይህ መጽሐፍ ሰው ገድሏል ወይስ አልገደለም?»

«ገድሏል!» አለ ወንድምየው።

«ቀስ ይበሉ። ከሻዩ እንጀምር። የላቦራቶሪው ውጤት መጥቷል፤ የእንቅልፍ መድኃኒቱ ዝንጅብል ሻዩ ውስጥ ነው የተገኘው። ግን እዚህ ቤት ዝንጅብል አልተላጠም፣ ውሃ አልፈላም። ሟቿ ደረጃ አትወርድም። ስለዚህ ሻዩ ከውጭ ነው የመጣው፣ በሰው እጅ። ጉንፋን የያዛት ሴት ጓደኛዋ ያመጣችላትን ትኩስ ነገር አመስግና ትጠጣለች፤ ምላሷ ስለሞተ ምሬቱ አይሰማትም። ሻይ ያመጣው ሰው ራሱን ደበቀ። ንጹሕ ሰው ቢሆን ኖሮ ‹ሻይ አድርሼላት ነበር› ብሎ ለመናገር አንድ ደቂቃም ባልፈጀበት። ስለዚህ ራሷን አላጠፋችም። ተገድላለች።»

ልጅቷ እጇን ከአበባ ሻጯ እጅ አውጥታ ፊቷን ሸፈነች። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ፋርማሲስቷ ተነሥታ ልታቅፋት ሄደች፤ ግን መርማሪው መናገሩን ስላላቆመ መንገድ ላይ ቀረች።

«አሁን ወረቀቶቹ። ሟቿ ገጽ ስትጨርስ ገልብጣ ነው የምታስቀምጠው። እኔ ስገባ ግን ፊታቸው ወደ ላይ ነበር፤ የመጨረሻው ገጽ ከላይ፣ የመጀመሪያው ከታች። ይህ የሚሆነው መቼ ነው?» ወረቀቶቹን አነሣ። አንዱን ያነበበ መስሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ ሁለተኛውን በላዩ፤ ሦስተኛውን በላዩ። «አንድ ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቁጭ ብሎ ሲያነብ። ሻዩን ያመጣው ሰው እሷ እዚህ ወንበር ላይ እንቅልፍ ሲወስዳት፣ እዚያ ሆኖ ምዕራፉን አንብቦ ጨርሷል።»

«ኧረ በስመ አብ!» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ከዚያ በሩን ስቦ ዘግቶ ሄደ። ማን ነው? ወንድሟ አይደለም፤ እሳቸው እነዚህን ወረቀቶች ቢያገኙ ያቃጥሏቸዋል እንጂ አያነቧቸውም። ለሌሎቻችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኳችሁ፤ ጎረቤቲቱን እንዴት አያችኋት? ፋርማሲስቷ መስኮት ላይ የተለጠፈች አሉኝ። ልብስ ሰፊዋ ከመስኮቱ አልተነቀለችም አሉኝ። ትክክል ናቸው፤ እስከ ሰሙት ድረስ ጎረቤቲቱ መስኮቷ ላይ ናት፣ አንድ እርምጃ አልሄደችም። አንድ ሰው ብቻ ከቤቷ ስትወጣ አያት። ባዶ እግሯን፣ በበረዶ ላይ።»

ልጅቷ ፊቷን ገለጠች።

«ባዶ እግሯን?» አለች። «እንግሊዝኛው ላይ ግን ቦት ጫማ…»

«አዎ። እንግሊዝኛውን ያነበበ ሰው ካፖርትና ቦት ጫማ ነው የሚያውቀው። ባዶ እግር ያለው እዚህ ብቻ ነው። እናትሽ መጨረሻውን ቀየረችው።» መርማሪው መነጽሩን አደረገና የመጨረሻውን ገጽ አነሣ። በድምፁ ምንም ሳይጨምር አነበበ፦

«‹ጫማ ብታደርግ ደረጃው ይጮኻል። ባዶ እግሯን ወረደች። በረዶው እግሯን ሲያቃጥላት አልቆመችም። ሴትዮዋ በጓዳው ከሬሳው አጠገብ ተቀምጣ ነበር፣ አላየቻትም። ኩባያውን አነሣችና በግቢው ቧንቧ አጠበችው። አሽታ ደግማ አጠበችው። ከዚያ መልሳ በቦታው ደፋችውና ወደ ቤቷ ወጣች። ለማንም አልተናገረችም፤ ለእሷም ቢሆን። እንዲህ ያለ ነገር ለባለቤቱ ከተነገረ ዕዳ ይሆናል። ተፈጸመ።›»

ሁሉም ወደ አበባ ሻጯ ዞሩ። እሷ ግን የምታየው ባዶውን ወንበር ነበር።

«ባልሽ…» አለች ፋርማሲስቷ።

«ሐኪሙ ልቡ ነው አለ» አለች አበባ ሻጯ። ጸጥ ያለ ድምፅ ነበር፤ ሰው ለራሱ የሚናገረው ዓይነት። «በዚያ ዘመን የት ልሄድ? ጥርሴን ያወለቀ ቀን እንኳ ‹ወደቅኩ› ነው ያልኩት። ኩባያውን አቀበልኩት፣ ጠጣው። ብዙ ቆይቼ ወደ ወጥ ቤት ስገባ ታጥቦ ተደፍቷል። እኔ ያጠብኩት መሰለኝ። ራሴን አላውቅም ነበር፣ አጥቤው ይሆናል አልኩ። ይሄን ሁሉ ዓመት እኔ ነኝ ያጠብኩት ብዬ ነበር የማስበው።»

«ለመጨረሻ ጊዜ ሲያነቡላችሁ ግን…» አለ መርማሪው።

«መስኮት። ኩባያ። የሚደበድብ ባል። ከዚያ አየችኝና ሳቀች፤ ‹ምን እንደምታደርግ ከቆየ አውቄዋለሁ› አለች። ሊነገርብኝ ነው አልኩ። በእነዚህ ፊት፣ በመጽሐፍ አሳብባ። አንቀላፍቼ አላውቅም ከዚያ ወዲህ።» አፏን በመሐረብ ጠረገች። «ዓርብ ማታ ሻዩን ይዤ ወጣሁ፤ ሳታየኝ መድኃኒቱን ከራሷ ጠርሙስ ጨመርኩበት። አመሰገነችኝ። ‹አንቺ ባትኖሪ ማን አለኝ› አለችኝ። እንቅልፍ ሲወስዳት ወረቀቱን ወስጄ ላቃጥለው ነበር።»

«ለምን አላቃጠሉትም?»

«መጨረሻውን ሳላውቅ?» አለች፣ የተጠየቀችው ግራ የሚያጋባ ነገር እንደሆነ ሁሉ። «ስድስት ወር ሙሉ ስሰማው ኖሬ? አንድ ገጽ ብቻ ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ ቀጠልኩ። ጨርሼ ቀና ስል እስትንፋሷ አልነበረም። ስሟን ጠራሁ። እግሯ ሥር ተቀምጬ ጠራኋት። ከዚያ በኋላ እንዴት አድርጌ ላቃጥለው? ስለ እኔ የተጻፈ ደግ ነገር እሱ ብቻ ነው።»

ወንድምየው በሩ አጠገብ ያጣመረውን እጁን ፈታ። ለማቃጠል ሲዝትበት የሰነበተውን ወረቀት አየና የሚያደርገው ነገር ጠፍቶት ኮፍያውን አወለቀ።

መርማሪው ተነሣ። አበባ ሻጯም ሳትጠየቅ ተነሣች፤ ቀሚሷን አስተካከለች፤ ሻርፗን ለበሰች። በልጅቷ ፊት ስታልፍ ቆመች። ጎንበስ ብላ ከልጅቷ እግር ልትወድቅ ስትል ልጅቷ ወደ ኋላ አፈገፈገችና ሳትነካት ተነሥታ ቆመች። ቁመታቸው እኩል ነበር።

«እትዬ» አለች ልጅቷ። «እኔ የተወለድኩት እዚህ ቤት ነው። ትምህርት ቤት የሚወስዱኝ እርስዎ ነበሩ። እማዬ ያን ኩባያ አጥባ ይሄን ሁሉ ዓመት ስለ እርስዎ ለእኔ እንኳ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።»

አበባ ሻጯ ራሷን ነቀነቀች። መርማሪው በሩን ከፈተላት፤ ደረጃውን ቀስ ብለው ወረዱ፣ የጫማዋም ድምፅ እስከ ታች ድረስ ይሰማ ነበር።